እርጅና ብቻህን ና

ባለፈው ወር ነው። ሐዋሳ፣ ፒያሳ ቆሜ ወደ አቶቴ የሚሄድ ባጃጅ እጠብቃለሁ። አንዱ መጣና ቆመ። ሹፌሩ ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አንገቱን አወጣና «ማዘር ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን» አለኝ። ዞር ብዬ ከኋላዬ አየሁ። ማንም የለም። ማዘር እኔ ነኝ።

ገባሁ እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል። አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ ደግሞ «ፌስታሉን ልያዝልዎት» አለችኝ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው አንድ ኪሎ ሽንኩርት ነው። አንድ ኪሎ! ድሮ «እህት» ነበርኩ፣ ከዚያ «እትዬ» መጣ፣ እሱንም ቀስ ብዬ ለመድኩት፣ «ማዘር» ግን ማንም ሳያማክረኝ የተሰጠኝ ሹመት ነው። ዘንድሮ 51 ሞልቶኛል። ቢሆንም።

ቤት ስደርስ ለአክስቴ ነገርኳት። እቴቴ ነው የምንላት። ከሰባ በላይ ናት፣ ስንት እንደሆነች በትክክል እሷም አታውቅም፤ መታወቂያዋ ላይ መስከረም 1 ተወለደች ይላል፣ እንደ ብዙ እኩዮቿ። ሳቀች ሳቀችና «ገና ምኑን አይተሽ፣ እርጅና ብቻህን ና አሉ» አለችኝ። ይህን እያለች ሲኒዋን ከረከቦቱ ላይ ልታነሳ እጇን ሰደደች። ሳተችው። ዳበስ ዳበስ አደረገችና በሁለተኛው አገኘችው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። እመለስበታለሁ።

አባባሉ ግን ማታ ሲመላለስብኝ አደረ። ልብ በሉ፣ «እርጅና አትምጣ» አይልም። ና ነው የሚለው፤ ግን ጓዝህን ትተህ፣ ብቻህን። ይህን መጀመሪያ ያለ ሰው ሁለት ነገር ለይቶ አይቷል ማለት ነው። እርጅና ራሱ አንድ ነገር ነው፣ ከእርጅና ጋር ተሳፍሮ የሚመጣው ሌላ። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለን «ዕድሜ ነው» እንላለን። ጉልበት ሲያም ዕድሜ ነው። ጆሮ ሲከብድ ዕድሜ ነው። ሰው ከሰው መቀላቀል ሲተው፣ ዝም ሲል፣ እሱም ዕድሜ ነው።

ስለ እርጅና ቀና አመለካከት መያዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው መስታወት ፊት ቆሞ «ገና ወጣት ነኝ» ማለት ነው። እኔ እንደገባኝ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከነገሩ ጀርባ ቁም ነገር ያለው ምርምር አለ፣ እሱን በቀላሉ ላስረዳ።

አሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ኦክስፎርድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የእንግሊዟ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1975 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) እዚያ የሚኖሩ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ስለ ሥራቸው፣ ስለ ጡረታቸው፣ ስለ ጤናቸው ብዙ ጥያቄ ተጠየቁ። መሃል ላይ ስለ እርጅና የሚያነሱ ጥቂት ጥያቄዎች ነበሩ። እያረጁ ሲሄዱ ነገሩ ሁሉ እየባሰ ነው? ሰው ሲያረጅ ጥቅሙ ይቀንሳል? ትስማማለህ ወይስ አትስማማም? መልሱ ተሰብስቦ ተቀመጠ። ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። ከዚያ ቤካ ሌቪ የምትባል የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የ660 ሰዎችን መልስ አወጣችና ማን እስከ መቼ እንደኖረ አመሳከረች። ውጤቱ በ2002 ታተመ። ስለ እርጅናቸው ጥሩ ያስቡ የነበሩት መጥፎ ከሚያስቡት በአማካይ 7 ዓመት ተኩል የበለጠ ኖረዋል።

ሰባት ዓመት ተኩል። መጀመሪያ ሳነበው እኔም ደንግጫለሁ።

ግን ቀስ እንበል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። እንቁላሉ ይቅደም ዶሮዋ? ጤነኛ ሰው ስለ እርጅናው ጥሩ ቢያስብ ምን ይገርማል፣ ምኑም አላመመውም! ረጅም ዕድሜ የኖረው በጤናው ነው እንጂ በሐሳቡ አይደለም ሊባል ይችላል። ተመራማሪዎቹም ይህን አስበውታል። የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ፣ ጾታ፣ የኑሮ ደረጃ፣ ብቸኝነትና የጤና ሁኔታ ሒሳብ ውስጥ አስገብተው አስተካከሉት። ልዩነቱ አልጠፋም። ቢሆንም ሰው ለጠያቂ ያልነገረው፣ ራሱም ገና ያላወቀው ሕመም ሊኖርበት ይችላል፤ በዚህ ዓይነት ጥናት ያንን ሙሉ በሙሉ ማጥራት አይቻልም። ስለዚህ «ጥሩ ካሰብሽ ሰባት ዓመት ይጨመርልሻል» የሚል ሰው ከመጣ ሒሳቡን አልገባውም በሉት።

ሌላው ጥናት ለእኔ ይበልጥ ስሜት ይሰጣል። እዚያው አሜሪካ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 598 ሰዎች ናቸው። በመሃል ከባድ የአቅም ማጣት ደረሰባቸው፤ ራሳቸው መታጠብ፣ መልበስ፣ ከወንበር መነሳት፣ መራመድ ያቃታቸው ማለት ነው። ጥያቄው ማን ይነሳል፣ ማን ተኝቶ ይቀራል የሚል ነበር። በ2012 በወጣው ውጤት ስለ አረጋውያን ጥሩ አመለካከት የነበራቸው መጥፎ ከነበራቸው ይልቅ ሙሉ በሙሉ የማገገም ዕድላቸው 44 በመቶ ይበልጥ ነበር።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ሐሳብ ወደ ሰውነት የሚገባው በየት በኩል ነው?

አንደኛው መንገድ በጣም ተራ ነው፣ ምንም ምስጢር የለውም። «አለቀልኝ» ብሎ ያመነ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ አይወስድም። ሐኪም ዘንድ ሂድ ሲሉት «ከዚህ በኋላ ለምን» ይላል። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወክ ማድረግ ያቆማል። ይህ በአንድ ቀን ምንም አያመጣም፤ አሥር ዓመት ሲጠራቀም ግን ሌላ ሰው ያደርገዋል። ሁለተኛው ጭንቀት ነው። እርጅናን እንደ አደጋ የሚጠብቅ ሰው ሰውነቱ ሁልጊዜ ነቅቶ ይቆማል፣ ይህ ሲረዝም ደግሞ ልብንና የደም ሥርን ይጎዳል። በባልቲሞር ሰዎችን ለአሥርታት በተከታተለ ጥናት፣ ከ50 ዓመት በታች ሳሉ ስለ አረጋውያን መጥፎ አመለካከት የነበራቸው ሰዎች በቀጣዮቹ 38 ዓመታት የልብና የደም ሥር ችግር ይበልጥ አጋጥሟቸዋል። ወጣት ሳለን ሽማግሌ ላይ የምንስቀው ሳቅ ዞሮ እኛኑ የሚጠብቀን ይመስላል።

ሦስተኛው መንገድ ነው የሚገርመው። ሌቪ በ1996 ባሳተመችው ሙከራ አረጋውያንን ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ቃላት ብልጭ ይላሉ፣ በጣም በፍጥነት፣ ሰውዬው አንብቤያለሁ እንኳ ሊል አይችልም። ለግማሾቹ የሚታየው ጥበብን የሚያነሳ ቃል ነው፣ ለግማሾቹ መጃጀትን የሚያነሳ። ከዚያ የማስታወስ ፈተና ሰጠቻቸው። የጥበቡን ያዩት የተሻለ ሠሩ፣ የመጃጀቱን ያዩት ባሰባቸው። ያው ሙከራ በወጣቶች ላይ ሲሠራ ግን ምንም አላመጣም። ስድቡ የሚሠራው ባለቤቱ ላይ ብቻ ነው።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጆሮዬ የኛን ቋንቋ ሌላ ዓይነት መስማት ጀመረ። አማርኛችን በዚህ ነገር ሁለት ልብ ነው። ስንመርቅ «ዕድሜ ይስጥሽ»፣ «ለሽበት ያብቃህ» እንላለን። ሽበት ምርቃት ነው። ዞር ስንል ደግሞ «ሼባ»፣ «ጃጅቷል»፣ «ያረጀ ያፈጀ»። ያንኑ በምርቃት የለመንንለትን ነገር ሲያገኘው እንስቅበታለን። ምርቃቱ ራሱ ሲሞላ ግን «ዕድሜና ጤና» ነው የሚለው፣ ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚለምነው። ይኸው አባባል ነው ተመልሶ የመጣው፣ ዕድሜው ብቻውን አይበቃም፣ ጓዙ ይቅርልን።

በዚያ ላይ ለወንዱ «ሽማግሌ» የሚል ቃል አለው። ሽማግሌ ይላካል፣ ያስታርቃል፣ ሲመጣ ይነሱለታል። ሥራ ያለው ቃል ነው፤ የሠላሳ ዓመት ሰው እንኳ ለጓደኛው ጋብቻ ሽማግሌ ሆኖ ይሄዳል። ለሴቷስ? «አሮጊት»። አሮጌ ጫማ ከሚባለው ጋር አንድ ሥር። «ባልቴት» ብትሉም ብዙ አያነሳም። እናቶቻችን ስንት ጠብ አብርደው ለሽምግልናቸው ስም አልወጣለትም። ይህ ቅሬታዬ ነው፣ ምርምር አይደለም፣ ይመዝገብልኝ።

ባህል ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚለው ደግሞ አንድ ትንሽ ጥናት አለች። ሌቪ ከሃርቫርዷ ኤለን ላንገር ጋር በ1994 ያሳተመችው ነው። ቻይናውያንን፣ መስማት የተሳናቸው አሜሪካውያንንና የሚሰሙ አሜሪካውያንን፣ ወጣትና አረጋዊ አድርገው የማስታወስ ፈተና ፈተኗቸው። አረጋውያንን በማክበር የሚታወቁት ቻይናውያን አዛውንቶች ከሚሰሙት አሜሪካውያን አዛውንቶች በጣም በልጠው ከራሳቸው ወጣቶች ጋር ተቀራረቡ። መስማት የተሳናቸውም፣ ስለ እርጅና የሚነገረውን ክፉ ወሬ ብዙም ሳይሰሙ የኖሩት ማለት ነው፣ ከሚሰሙት ተሽለው ተገኙ።

እዚህ ሐዋሳ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ የሲዳማ አዲስ ዓመት መቼ እንደሚውል የሚናገሩት አያንቶ የሚባሉ አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ኮከብና ጨረቃ አይተው። ካላንደር ተሰቅሎ አይነበብም። እነሱ ናቸው የሚጠበቁት። ዩኔስኮ በ2015 በዓሉን ሲመዘግብ ይህም አብሮ ተጽፏል። ጉዱማሌ ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይ የማስበው ይህን ነው፣ እዚያ አደባባይ ላይ አሮጌ መሆን ሥራ ነው። ሰው «ሰው ሲያረጅ ጥቅሙ ይቀንሳል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ከጭንቅላቱ ብቻ አይመጣም፤ ከሚኖርበት ቦታ ነው የሚመጣው።

እሺ፣ አሁን ወደ እርጅና ራሱ። ብቻውን ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል? ምንም አይልም ብዬ አላታልላችሁም።

ዓይን አንዱ ነው። አርባን ስንሻገር ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ እየደረቀ፣ እንደ ድሮው መተጣጠፉን እየተወ ይሄዳል። የቅርቡ ይደበዝዛል። እኔ መርፌ ማስገባት ያቃተኝ በ44 ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ ክሩን ሰደብኩ፣ ቀጥዬ መብራቱን፣ መጨረሻ ላይ መነጽር ገዛሁ። ፍጥነትም ይቀንሳል። የምናውቀው ሰው ስም አፋችን ላይ ሆኖ እምቢ ይላል፣ ሻወር ስንገባ ይመጣል። የቃላት ሀብታችንና የኑሮ እውቀታችን ግን አብሮ አይወርድም፣ ወደ ስልሳና ሰባ ዓመት ድረስ ሊጨምር ይችላል። እንቅልፍ ይሳሳል። ሴቶች ላይ ማረጥ አለ፤ አማካዩ ሃምሳ አካባቢ ነው፤ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ የወር አበባ ካልመጣ አረጠች ይባላል። እሱም ሽው የሚል ሙቀት ይዞ ይመጣል፣ በሐዋሳ ቀትር ላይ ሲጨመር ምን እንደሚመስል የቀመሰችው ታውቀዋለች።

እነዚህ የራሱ የእርጅና ናቸው። ይለመዳሉ፣ መላ ይፈለግላቸዋል።

አሁን ተሳፋሪዎቹን እንይ፣ ከዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። የዓይን ሞራ ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል፣ ልክ ነው፣ ግን የሚወጣ ነገር ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንስኤው ሞራ ነበር። ግማሹ! በአንድ ቀዶ ሕክምና ሊመለስ የሚችል ብርሃን። ጆሮም እንዲሁ፤ አንዳንዴ የመስማት ችግር ተብሎ ዓመት የሚታገሡት ነገር የጆሮ ኩክ ሆኖ ይገኛል፣ ታጥቦ ይወጣል። ሌላውን ጆሮ ላይ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ ይረዳዋል። የማይሰማ ሰው ደግሞ ጨዋታ መሃል መግባት ይተዋል፣ ቀስ በቀስ ብቻውን ይቀራል፣ ቤተሰቡም «ጃጁ» ይላል። አልጃጀም እኮ፣ አልሰማም ነው።

መርሳትም ሁለት ዓይነት ነው። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት የሁላችንም ነው። ቁልፉ ለምን እንደሆነ መርሳት፣ ሠላሳ ዓመት ከተመላለሱበት ሰፈር ቤት መመለስ ማቃት፣ የልጅ ልጅን ስም ሳይሆን ማንነት ማጣት፣ ይህ በሽታ ነው። የመርሳት በሽታ የዕድሜ ግዴታ አይደለም፣ ብዙ ሰው ዘጠና ደርሶ አይዘውም። አንዳንዴ ደግሞ መርሳት የመሰለው ነገር የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ ወይም ድብርት ሆኖ ይገኛል፣ እነዚህ ሁሉ ይታከማሉ። በተለይ ድብርት። አባት ምግብ ሲተው፣ ዜና ማዳመጥ ሲያቆም፣ ሌሊት ሲነቃ «አርጅቷል» ብለን የምናልፈው ስንቱ ነው።

ሴቶች፣ ይህችን ለብቻ ልበላችሁ። ካረጡ በኋላ ደም ከታየ፣ ትንሽም ቢሆን፣ አንድ ቀንም ቢሆን፣ ዕድሜ ነው ተብሎ አይታለፍም። ሐኪም ይይ። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ይሆናል፣ አንዳንዴ ግን የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ነው፣ ቶሎ ሲደረስበት ደግሞ በጣም ይታከማል።

እንዴት ይለያል ካላችሁኝ፣ እኔ ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ መቼ ጀመረ የሚል ነው። እርጅና አይቸኩልም። በዓመታት ነው የሚሠራው፣ ብዙውን ጊዜም ሁለቱንም ወገን እኩል ነው የሚነካው። ባለፈው ሳምንት የጀመረ ነገር፣ ወይም አንድ እግር ላይ ብቻ የመጣ፣ ወይም ከወር ወር የሚሮጥ ነገር ካለ ሌላ ተሳፋሪ ነው። እርጅና ማክሰኞ ዕለት አይመጣም።

ዕድሜ ስንት ነው የሚለው ቁጥር ራሱ ብዙ አይናገርም። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺህንም 10 ሺህንም ሲያሸንፍ ጋዜጠኛው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ዕድሜው ነበር። ራሱ ላይ ፀጉር የለም፣ አንዱ ሠላሳ ምናምን ይላል፣ ሌላው አርባን አልፏል ይላል። እሱ የመለሰላቸው መልስ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ሰው ዶሮዬን ሊሰርቀኝ ይችላል፣ በጌን ሊሰርቀኝ ይችላል፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም። ቀነኒሳም በ41 ዓመቱ፣ በ2024 ለንደን ማራቶን፣ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል። እነሱን ግን እንተዋቸው፣ እነሱ ሌላ ፍጡር ናቸው።

እንደኛ ያሉትን እንይ። ጡንቻ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ የማይቀር ነው የሚባለው ነገር ግን እንደሚባለው የታሰረ አይደለም። በ1990 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አሥር ሰዎች የእግር ክብደት ማንሳት እንዲለማመዱ ተደረገ። ቀላል አይደለም፣ ከበድ ያለ ልምምድ፣ ለስምንት ሳምንት። አንዱ አቋረጠ፣ ዘጠኙ ጨረሱ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በዘጠና ዓመት!

ጂም ግቡ ልላችሁ አይደለም። ሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት አሉ፣ ሁዳዴ ሲገባ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የሚሰግዱትን ስግደት አይቼ ደነገጥኩ። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ እጃቸውን መሬት ሳይደገፉ ነው የሚነሱት። እኔ ወንበር ተደግፌ «ኧኸ» እያልኩ ነው የምነሳው። ለጸሎት እንጂ ለጡንቻ ብለው እንደማያደርጉት አውቃለሁ፤ ጡንቻው ግን ለምን እንደተደረገ አይጠይቅም። ከወንበር ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ሁላችንም ቤት ያለ ነገር ነው። ልብ፣ ጉልበት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሐኪሙን ጠይቆ ይጀምር።

ስሜትስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላሰበው ነገር አለ። የስታንፎርዷ ላውራ ካርስተንሰን ለዓመታት ያሳየችው፣ ሰው የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑ ሲሰማው ምርጫው እንደሚቀየር ነው። አዲስ ሰው መተዋወቅ፣ ለወደፊት ይጠቅመኛል ብሎ መሯሯጥ ይቀራል፤ የሚወዳቸው ጥቂት ሰዎች ዘንድ ይሰበሰባል። ወጣቱ ይህን ሲያይ «ዓለማቸው ጠበበ» ይላል። በአብዛኛው ግን ስሜታቸው ከወጣቱ የረጋ ነው፣ ንዴታቸውም ያነሰ። እቴቴ ማኅበር ከሦስት ወደ አንድ ቀንሳለች፤ «ሁለቱ ወሬ ነበሩ» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ግን ውሸታም እሆናለሁ። አመለካከት የቤት ኪራይ አይከፍልም። በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጥቶ የጡረታው ብር ከገበያው ጋር የማይገናኝለት ሰው፣ ልጆቹ አረብ አገር ሄደው ብቻውን የቀረ፣ ሕይወቱን በሙሉ በቀን ሥራ አሳልፎ ጡረታ የሚባል ነገር የሌለው፣ ይህን ሰው «ቀና አስቡ» ማለት ነውር ነው። አዳራሽ ተከራይተው ሰው እያስጨበጨቡ «እርጅና ጭንቅላት ውስጥ ነው» የሚሉትን አልወዳቸውም። ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይደለም። ጉልበት ውስጥም አለ፣ ኪስ ውስጥም አለ። አንዳንድ ሰውም ታሞ ሲሞት «አስተሳሰቡ ነው» እንዳይባል እሰጋለሁ።

ግን ጎረቤታችን የነበሩትን የሒሳብ መምህር አስባለሁ። ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ዓመት ከቤት አይወጡም ነበር፤ በፒጃማ ቲቪ ፊት። ሚስታቸው «ቁጭ ብለው አለቁብኝ» ትል ነበር። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ክፍልፋይ አልገባኝም ብሎ ደብተሩን ይዞ መጣ። በሳምንቱ ሦስት ልጆች ሆኑ። አሁን በረንዳቸው ላይ የጥቁር ሰሌዳ ቁራጭ ተሰቅሏል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሲያልፉ የጠመኔ ድምፅ ይሰማል። ደም ግፊታቸው አልጠፋም። ጡረታቸው አልጨመረም። ፒጃማው ግን ቀረ።

ወደ እቴቴ ልመለስ። ያ ሲኒ የመሳቷ ነገር ከዚያ በኋላ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሌላም ነገር ማየት ጀመርኩ። ምስር ስትለቅም ድንጋይ እያለፋት ነው። ቴሌቪዥኑን ለማየት ሳይሆን ለመስማት ነው የምትቀመጠው። ሲኒው ጠርዝ ላይ የቡና ዝቃጭ ደርቆ እያለ ታጥቧል ብላ ትደረድረዋለች፣ እሷ፣ አንዲት ነጠብጣብ የማታሳልፈው ሴት። ስጠይቃት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሦስት ዓመት! አንድ ጊዜ ለሌላ ነገር ሐኪም ቤት ሄዳ የዓይኗን ነገር አንስታ ነበር፤ እዚያ የነበረው ባለሙያ ቀና ብሎ ሳያይ «ዕድሜ ነው እማማ» አላት፤ እሷም አመስግና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ማን ምን ብሎ ይከራከራል።

ሌላ ቦታ ወሰድኳት። ሞራ ነው፣ ሁለቱም ዓይን ላይ። ቀዶ ሕክምናው ተኝቶ የሚከርሙበት አይደለም፤ ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል፣ የደፈረሰው ሌንስ ይወጣል፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ይገባል። እሷ ነቅታ ነበር፤ ሐኪሙን ስንት ልጅ እንዳለው ስትጠይቀው እንደነበር ነርሷ ነገረችኝ። የቀኙ ዓይን ተሠራ፣ ተሸፈነ፣ ቤት ገባን።

በማግሥቱ ጠዋት ሽፋኑ ሊነሳ ሄድን። ነርሷ ፕላስተሩን ቀስ ብላ ላጠችው። እቴቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ እንባዋ ወረደ። መጀመሪያ ያየችው የነጠላዋን ጥለት ነው። አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ «ሰማያዊ ነው እንዴ? እኔ አረንጓዴ መስሎኝ» አለች። ሞራ ቀለምን ወደ ቢጫ ይጎትታል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ጥለት ለብሳ ኖራለች። ቀጥላ ነርሷን አየቻት፣ «ቆንጆ ነሽ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አየችኝ። ቀረብ አለችና ደግማ አየችኝ፣ ከግንባሬ ጀምሮ እስከ አገጬ።

«አንቺ ልጅ» አለች፣ «መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

ነርሷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። እቴቴ ግን ገና አልጨረሰችም።

«ያ የባጃጅ ልጅ ምን አጠፋ ታዲያ?»